የባሕር ላይ የነፋስ ተርባይን፦ ስታንዳርዱን ከየት ልጀምር? የትስ ላይ ልጠራጠረው?

ጥያቄ፦ «መካኒካል ኢንጂነር ነኝ። አዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ጥገና ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ፤ አሁን ዴንማርክ ውስጥ በነፋስ ኃይል የማስተርስ ትምህርት ጀምሬአለሁ። የመመረቂያ ሥራዬ ባሕር ውስጥ በሚተከል ተርባይን መሠረት ላይ ነው። የስታንዳርዶቹ ብዛት ግራ አጋብቶኛል። ለመሆኑ የባሕሩ ተርባይን የየብሱ ተርባይን ረጅም እግር ተተክሎለት ነው እንጂ በሌላ በምን ይለያል? የትኛውን ሰነድ ላስቀድም? ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተውስ የት ላይ ነው?»

ምላሽ፦

ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ የሁለቱ መልስ እግረ መንገዱን ይወጣል። በዚህ ዘርፍ ብዙ ገንዘብ ያስከፈሉት ጥፋቶች ብዙዎቹ ስታንዳርድ በመጣስ የመጡ አይደሉም። ስታንዳርዱ ተከብሮ፣ ስሌቱ በትክክል ተሠርቶ፣ ፊርማ አርፎበት ሳለ የተበላሹ ናቸው። ቀመሩ የተሞከረው በትንሽ ነገር ላይ ነበር፤ ተርባይኑ ግን አደገ፣ ቀመሩም ሳይጠየቅ አብሮት ሄደ። ስለዚህ ሰነዶቹን ሲያነቡ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን አንድ ጥያቄ ይጻፉ፦ ይህ የት፣ በምን ያህል ነገር ላይ ተለክቶ የመጣ ነው?

ሰነዶቹ የተዘበራረቁ ቢመስሉም ሥራ የተከፋፈሉ ናቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አዳማ ላይ የሚያውቁት የአይ.ኢ.ሲ. (የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን) 61400-1 እዚህም አይቀርም፤ 4ኛው እትም በ2019 ወጥቷል፤ ሮተሩን (ክንፎቹንና እምብርቱን)፣ ናሴሉን (ማማው ጫፍ ላይ ያለውን የማሽን ቤት) እና የመቆጣጠሪያ ሥርዓቱን የሚገዛው እሱ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው 61400-3-1 በባሕር ወለል ላይ ተተክለው ለሚቆሙት፣ 61400-3-2 ደግሞ ለተንሳፋፊዎቹ ነው። አይ.ኢ.ሲ. ምን መመርመር እንዳለብዎ ይነግርዎታል፤ አንድ ብየዳ ስንት ዓመት እንደሚቆይ እንዴት እንደሚሰላ ግን አይነግርዎትም። እሱን ከዲ.ኤን.ቪ.፣ ከኖርዌዩ የምስክርነት ድርጅት፣ ያገኛሉ፦ ኤስ.ቲ. 0126 ስለ መሠረትና ማማ፣ ኤስ.ቲ. 0437 ስለ ጭነትና ስለ ቦታው ሁኔታ፣ አር.ፒ. ሲ203 ስለ ብረት ድካም (ጭነት በመደጋገሙ ስለሚመጣ መሰንጠቅ)፣ አር.ፒ. 0416 ስለ ዝገት፣ አር.ፒ. ቢ401 ስለ ካቶዲክ ጥበቃ (በብረቱ ፈንታ በሚበላ አኖድ ዝገትን ስለ መከላከል)። በቆዩ ሪፖርቶች ውስጥ ኦ.ኤስ. ጄ101 የሚል ስም ካዩ የ0126 አያት እንደሆነ ይወቁ። ለመብረቅ 61400-24 አለ። ጀርመን ውስጥ ከእነዚህ ሁሉ በላይ የባሕር ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ቢ.ኤስ.ኤች. የራሱን መስፈርት ይጨምራል። አንዱን ብቻ ላስቀድም ካሉ 61400-3-1ን ይውሰዱ፤ በተለይ የጭነት ሁኔታዎች ሰንጠረዡን። ያ ሰንጠረዥ ካልገባዎት ሌላው ሁሉ ቁጥር ብቻ ይሆንብዎታል።

አሁን ወደ «ረጅም እግር» ልምጣ። ማሽኑ በአብዛኛው ያው ነው። የየብስ ተርባይን ሲገዛ በክፍል ይገዛል፦ ክፍል 1 ማለት በ50 ዓመት አንዴ የሚመጣው የ10 ደቂቃ አማካይ ነፋስ በሰከንድ 50 ሜትር፣ ክፍል 2 42.5፣ ክፍል 3 37.5። አውሎ ነፋስ ለሚመታቸው አገሮች 57 ሜትር የሚጠይቅ ተጨማሪ ክፍል ገብቷል። ባሕር ላይም ናሴሉና ክንፎቹ በዚሁ መንገድ ይረጋገጣሉ፤ የማማውና የመሠረቱ ነገር ግን በክፍል አይገዛም። እያንዳንዱ ቦታ የራሱ ጥልቀት፣ የራሱ አፈር፣ የራሱ ሞገድ ስላለው መሠረቱ ለዚያ ቦታ ብቻ ይነደፋል፤ በአንድ የነፋስ እርሻ (የተርባይኖች ስብስብ) ውስጥ እንኳ ጥልቀቱ 10 ሜትር ከተለያየ የመሠረት ቱቦዎቹ ርዝመትና ውፍረት በየቦታው ይለያያል። ከክፍት ባሕር የሚመጣው ነፋስ ከአዳማ ኮረብቶች ነፋስ ይልቅ ለስላሳ ነው፤ መተራመሱ ዝቅተኛ ነው። በእርሻው ውስጥ ግን የፊተኛው ተርባይን ጥላ፣ ማለትም ከኋላው የሚተወው የተዳከመና የተረበሸ ነፋስ፣ ወደ ኋለኛው ይደርሳል፤ ባሕሩ ለስላሳ ስለሆነም ያ ጥላ ቶሎ አይጠፋም። የክፍት ባሕሩን መተራመስ ብቻ ወስዶ ድካም ማስላት የጀማሪ ስህተት ነው።

የጭነት ሰንጠረዡን ሲያነቡ ዓይንዎ ቶሎ የሚያርፈው 6.1 ላይ ነው፦ የ50 ዓመቱ ወጀብ፣ ተርባይኑ ቆሞ፣ ክንፎቹ ወደ ነፋሱ ስለት ዞረው። ይህ አስፈላጊ ነው፤ የሚባዛበት የደኅንነት ብዜትም 1.35 ነው። 6.2 ግን የበለጠ ሊያሳስብዎ ይገባል። ወጀቡ የኤሌክትሪክ መስመሩን ቆርጦታል እንበል፤ ናሴሉ ራሱን ወደ ነፋሱ ማዞር አይችልም፤ ነፋሱም በየትኛውም አቅጣጫ ሊመታው ይችላል። ስታንዳርዱ በዚህ ጊዜ ሙሉ ክበቡን፣ ሲደመር ሲቀነስ 180 ዲግሪ፣ እንዲመረምሩ ያዝዛል፤ ብዜቱም 1.1 ነው፤ ሁኔታው እንደ ያልተለመደ ስለሚቆጠር። ናሴሉን ቢያንስ ለ6 ሰዓት ማዞር የሚችል የመጠባበቂያ ኃይል ካለ ብቻ ነው ከዚህ ግዴታ የሚላቀቁት። ስለዚህ የባትሪው ወይም የዲዝል ጄኔሬተሩ መጠን የኤሌክትሪክ ክፍሉ ጉዳይ ብቻ ይመስላል እንጂ የማማውን የብረት ውፍረት የሚወስን የመዋቅር ጉዳይም ነው። ሁለቱ ክፍሎች ሳይነጋገሩ ሲሠሩ አንዱ ያሰበውን መጠባበቂያ ሌላው ወጪ ለመቀነስ ያወጣዋል።

የ50 ዓመቱ ወጀብ ግን ሁልጊዜ ገዢ አይደለም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ በሰሜን ባሕር ብዙ ትላልቅ መሠረቶችን የሚወስነው ትንሹ ሞገድ ነው። ሒሳቡን ይመልከቱት፦ 25 ዓመት ወደ 789 ሚሊዮን ሰከንድ ነው። በየ6 ሰከንዱ አንድ ሞገድ ቢመጣ 130 ሚሊዮን ገደማ ሞገድ ይመታዋል። ለእያንዳንዱ ብየዳ የሚሰላው ይህ ነው። ተርባይኑ ሲሠራ ክንፎቹ ራሳቸው እንደ መወዛወዝ ማርገቢያ ያገለግላሉ፤ ማማው ወደ ፊት ሲያዘነብል የሚመጣው ነፋስ ይጨምርና መልሶ ይገፋዋል። ተርባይኑ ሲቆም ያ ማርገቢያ የለም። ስለዚህ በአማካይ ነፋስ በጥገና ምክንያት የቆመ ተርባይን፣ ነፋሱ ከአንድ ወገን ሞገዱ ከጎን ሲመጣበት፣ ከሚሠራው ተርባይን ይልቅ በቶሎ ይደክማል። በሰንጠረዡ 6.4 እና 7.2 የተባሉት ለዚህ ናቸው። የተርባይኑን ዝግጁነት (ለሥራ ብቁ ሆኖ የሚገኝበትን የጊዜ ድርሻ) 97 በመቶ ብለው ካሰሉና ማከፋፈያ ጣቢያው ሳይደርስ ተርባይኖቹ ተተክለው ወራት ቢቆሙ፣ የድካም በጀትዎ ሥራ ሳይጀምር ተበልቷል ማለት ነው። በንድፍ መነሻ ሰነድዎ ውስጥ «ከተተከለ በኋላ ያለ ኤሌክትሪክ የሚቆይበት ከፍተኛ ጊዜ» የሚል መስመር በግልጽ ያስገቡ።

ድካሙ ሲሰላ በዝምታ የሚያልፍ አንድ ነገር አለ፤ የብረቱ ውፍረት። የአር.ፒ. ሲ203 የድካም ኩርባዎች መነሻ 25 ሚሊ ሜትር ነው። የዛሬ ሞኖፓይል (ባሕር ወለል ውስጥ የሚተከል አንድ ትልቅ የመሠረት ቱቦ) ብረት ግን 100 ሚሊ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ለተለመደው የዲ ኩርባ ውጥረቱን በ100 ለ25፣ ኃይሉ 0.2 በሆነ ማረሚያ ማባዛት አለብዎ፤ ይህም ወደ 1.32 ይመጣል። 32 በመቶ ብቻ ይመስላል። የኩርባው ተዳፋት 3 በሆነበት ዕድሜው በ2.3 ይካፈላል፤ 5 በሆነበት በ4። ውፍረት ጨምሬ ዕድሜ አራዝማለሁ ያለ ሰው የሚያገኘው ከጠበቀው እጅግ ያነሰ ነው። በተጨማሪ ለባሕር ውሃ ሦስት ኩርባ እንዳለ አይርሱ፦ በአየር፣ በውሃ ውስጥ ከካቶዲክ ጥበቃ ጋር፣ በውሃ ውስጥ ያለ ጥበቃ። የመጨረሻው ተዳፋቱ የሚለወጥበት መታጠፊያ የለውም፤ እየወረደ ብቻ ይሄዳል። ጠላቂም ሮቦትም ሊያየው በማይችልበት ቦታ፣ ለምሳሌ ከባሕር ወለል በታች፣ የተሰላው ዕድሜ የዲዛይን ዕድሜውን 3 እጥፍ እንዲሆን ይጠየቃል።

ድግግሞሽ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የመመረቂያ ሥራዎ ልብ ሊሆን የሚችለው እሱ ነው። ዥዋዥዌ ላይ ያለ ልጅ በትክክለኛው ቅጽበት ከተገፋ ትንሽ እጅ ይበቃዋል። ማማውም እንደዚያው ነው። ሮተሩ በዞረ ቁጥር አንድ ግፊት፣ ክንፍ በማማው ፊት ባለፈ ቁጥር ሌላ ግፊት አለ፤ ሦስት ክንፍ ስላለ ሁለተኛው የመጀመሪያው ሦስት እጥፍ ነው። በ2020 ለምርምር በይፋ የወጣውን ባለ 15 ሜጋዋት የማመሳከሪያ ተርባይን እንውሰድ፤ መረጃው ሁሉ በነፃ ስለሚገኝ ለእርስዎም ይጠቅማል። የሮተሩ ዲያሜትር 240 ሜትር፣ የእምብርቱ ከፍታ 150 ሜትር፣ ሞኖፓይሉ 10 ሜትር ስፋት፣ የውሃው ጥልቀት 30 ሜትር ነው። ሮተሩ በደቂቃ ከ5 እስከ 7.56 ጊዜ ይዞራል። ይህን በ60 ሲያካፍሉ ከ0.083 እስከ 0.126 ሄርዝ ይመጣል፤ የክንፎቹ ማለፊያ ደግሞ ከ0.25 ይጀምራል። የመዋቅሩ የራሱ ድግግሞሽ ከእነዚህ መካከል መቀመጥ አለበት። በሁለቱም በኩል 10 በመቶ ርቀት ሲተው የሚቀርዎ ከ0.139 እስከ 0.225 ሄርዝ ነው። የዚህ ተርባይን ድግግሞሽ 0.17 ገደማ ነው፤ ገብቷል። ግን 0.17 ሄርዝ ማለት ከ6 ሰከንድ በጥቂቱ ያነሰ ጊዜ ነው፤ ከላይ የቆጠርናቸው ሞገዶችም የ6 ሰከንድ ነበሩ። ተርባይኑ ባደገ ቁጥር ሮተሩ ቀስ ይላል፣ ክፍተቱም ወደ ሞገዱ ይወርዳል። ትልቅ ተርባይን ከትንሹ የሚከብደው በክብደቱ ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው።

የአፈሩ ጥንካሬ ያንን 0.17 ወዲያና ወዲህ ያደርገዋል፤ መጀመሪያ ላይ ያልኩት የቀመር መጠን ችግርም በጉልህ የሚታየው እዚህ ነው። ለረጅም ጊዜ ሞኖፓይል ሲነደፍ አፈሩ በጎን ሲገፋ የሚሰጠው ምላሽ ከነዳጅ ኢንዱስትሪ በተወረሰ ኩርባ ይሰላ ነበር። የአሸዋው ኩርባ መሠረት ቴክሳስ ውስጥ ማስታንግ ደሴት ላይ የተሞከሩ 0.61 ሜትር ዲያሜትር ያላቸው ቀጫጭን ምሰሶዎች ናቸው፤ ርዝመታቸው ከስፋታቸው 30 ጊዜ በላይ ነው። ቀጭን ምሰሶ እንደ ዘንግ ይታጠፋል። ሞኖፓይል ግን አፈር ውስጥ የገባው ርዝመቱ ከስፋቱ ከ3 እስከ 6 እጥፍ ብቻ ስለሆነ እንደ ጥርስ ሙሉ በሙሉ ይነቀነቃል፤ ከሥሩ ያለው መቋቋምና በጎኑ ያለው ሰበቃ ያግዘዋል። አሮጌው ኩርባ ይህን እገዛ አይቆጥርም። ውጤቱ በባሕር ላይ ሲለካ ብዙ መሠረቶች ከተሰላው ይልቅ ጠንከር ብለው፣ ድግግሞሻቸው ከፍ ብሎ ተገኙ። ይህን ለማረም ፒሳ የተባለው የጋራ ምርምር እንግሊዝ ውስጥ ኮውደን ላይ በጠንካራ ሸክላ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ደንከርክ ላይ በጥቅጥቅ አሸዋ እስከ 2 ሜትር ስፋት ያላቸውን ምሰሶዎች ሞክሮ አዲስ የስሌት መንገድ አወጣ። «ጠንካራ ሆኖ ከተገኘ ምን ይጎዳል?» እንዳይሉ፤ ድግግሞሹ ወደ 0.25 ከተጠጋ የክንፎቹ ግፊት ያገኘዋል። ከዚያም የመቆጣጠሪያ ፕሮግራሙ በዚያ ፍጥነት ላይ እንዳይቆይ ማድረግ ግድ ይሆናል፤ ምርት ይቀንሳል።

ከዚህ የከፋው የግራውቱ ታሪክ ነው። ሞኖፓይሉ በመዶሻ ተመትቶ ወለሉ ውስጥ ከገባ በኋላ ቢጫው የመሸጋገሪያ ቁራጭ በላዩ ይጠለቃል፤ በሁለቱ ቱቦዎች መካከል ያለው ቀለበት ግራውት በሚባል ከፍተኛ ጥንካሬ ባለው ሲሚንቶ ይሞላ ነበር። ቱቦዎቹ ለስላሳና ቀጥ ያሉ ነበሩ፤ ክብደቱን የሚይዘው ሰበቃ ብቻ ነው። ከ2009 ጀምሮ በሰሜን ባሕር በመቶዎች በሚቆጠሩ ተርባይኖች የመሸጋገሪያው ቁራጭ ቀስ እያለ ወደ ታች መንሸራተቱ ታወቀ። ለተከላ ጊዜ ብቻ ተብለው የተበየዱት ቅንፎች የሞኖፓይሉ ጫፍ ላይ አርፈው፣ ያልተነደፉለትን ሸክም ተሸክመው ተገኙ። ምክንያቱ ሦስት ነገር ተደራርቦ ነው። ቀመሩ የመጣው ከትናንሽ ቱቦዎች ሙከራ ነበር፤ በትልቅ ዲያሜትር ላይ ግን ቱቦው ለስፋቱ ቀጭን በመሆኑ ግራውቱን በበቂ አያጣብቀውም። ሁለተኛ፣ የነዳጅ መድረክ እግር ክብደትን እንጂ ይህን ያህል የማጠፍ ጉልበትን አይሸከምም፤ ተርባይን ግን ወዲህና ወዲያ እያጠፈ በላይኛው ጫፍ ክፍተት ይከፍታል። ሦስተኛ፣ በዚያ ክፍተት የሚገባው የባሕር ውሃ የተፈጨውን ሲሚንቶ እየሞረደ ያወጣዋል። ዲ.ኤን.ቪ. ጄ101ን በ2011 አሻሻለው፤ ግራውቱ ክብደት የሚይዝ ከሆነ ቱቦዎቹ ከ1 እስከ 3 ዲግሪ የሾጠጠ ቅርጽ ይኑራቸው ወይም የብየዳ ጥርስ ይበየድባቸው ተባለ። የቆሙትን ለማዳን በቅንፉና በሞኖፓይሉ ጫፍ መካከል የጎማ ትራስ ገባ። ዛሬ ብዙዎቹ ግራውቱን ትተው በብሎን ፍላንጅ (በቱቦዎቹ ጫፍ ባለ የብረት ቀለበት) ይያያዛሉ፤ አንዳንዱም የመሸጋገሪያ ቁራጩን ጭራሽ አስቀርቷል።

ፍላንጁም የራሱ ጣጣ አለው። መዶሻው በፍላንጁ ላይ ስለሚመታ ፊቱ ትንሽ ይወላገዳል። ብሎኑ የሚጠበቅበትን ውጥረት የሚይዘው ሁለቱ ፊቶች በትክክል ከተገናኙ ብቻ ነው፤ በመካከል ክፍተት ካለ ብሎኑ ራሱ ሞገዱን ሁሉ ይቀበላል፣ ይደክማልም። ስለዚህ ብሎኖቹን ከማጥበቅ በፊት ክፍተቱ ዙሪያውን በመለኪያ ይለካል፤ ከተጠበቀ በኋላም ግሪሱና ቀለሙ ሲተኛ ውጥረቱ ስለሚላላ በመጀመሪያዎቹ ወራት ተመልሶ ይፈተሻል። አዳማ ላይ የለመዱት የብሎን ቁጥጥር እዚህ በትክክል ይጠቅምዎታል፤ ልዩነቱ ለመመለስ ጀልባና መልካም አየር ማስፈለጉ ነው።

ዝገቱን በሦስት ቀጠና ይክፈሉት። ከላይ ቀለም ይበቃል። ከታች፣ ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ባለው ክፍል፣ አኖድ ይሠራል። የሚያስቸግረው ውሃው የሚረጨው መካከለኛው ነው፤ አኖዱ በአግባቡ አይደርስበትም፣ ቀለሙንም ጀልባ ይፍቀዋል። አር.ፒ. 0416 ለቀዝቃዛና መካከለኛ ባሕር በውጭ በኩል በዓመት 0.30 ሚሊ ሜትር፣ ለሞቃታማው 0.40 እንዲያዝ ይላል። ትርፍ ውፍረቱ የሚሰላው ከዲዛይን ዕድሜው የቀለሙ ዕድሜ ተቀንሶ ነው፦ 25 ዓመት ሲቀነስ 15፣ ሲባዛ በ0.30፣ 3 ሚሊ ሜትር። ለአኖዱ ደግሞ ግምታዊ ሒሳብ ልስጥዎ። 1,000 ካሬ ሜትር ቀለም የሌለው ብረት በሰሜን ባሕር፣ እስከ 30 ሜትር ጥልቀት፣ በአማካይ በካሬ ሜትር 0.1 አምፔር ይፈልጋል፤ ማለትም 100 አምፔር። 25 ዓመት 219,000 ሰዓት ነው፤ ድምሩ 21.9 ሚሊዮን አምፔር ሰዓት። የአሉሚኒየም አኖድ በኪሎ 2,000 አምፔር ሰዓት ይሰጣል፣ ከዚያም 90 በመቶው ብቻ ጥቅም ላይ ይውላል ቢባል 12 ቶን ያህል አኖድ ያስፈልግዎታል። ብረቱ የሚለካው ቮልቴጅ በብር/ብር ክሎራይድ ማመሳከሪያ ከኔጋቲቭ 0.80 ቮልት ይበልጥ ወደ ኔጋቲቭ መሆን አለበት፤ ከኔጋቲቭ 1.10 ካለፈ ግን ሃይድሮጅን ጠንካራውን ብረት ሊያሰባብረው ይችላል።

የሞኖፓይሉ ውስጥ ግን ሌላ ታሪክ ነው። በመጀመሪያዎቹ ንድፎች ውስጡ ይታሸጋል፣ ኦክስጅኑ ያልቃል፣ ዝገቱም ይቆማል ተብሎ ታስቦ ነበር። የኬብሉ መግቢያ ማኅተም ግን ማዕበሉ ሲሞላና ሲጎድል ውሃ አስገባ፤ ኦክስጅንም አብሮ ገባ። ጉድጓድ የሚሠራው ዝገት በቀጭን ቀለበት ላይ፣ በውሃው ከፍታ አካባቢ ታየ። ከዚያ አኖድ ውስጥ ሲሰቀል፣ ውሃው ስለማይለዋወጥ አሲዳማ እየሆነ ሄደ። አሁን ብዙዎች ሆን ብለው ቀዳዳ ትተው ውሃው ከውጭው ጋር እንዲለዋወጥ ያደርጋሉ። ቀዳዳው ደግሞ ድካም የሚጀምርበት ቦታ ስለሚሆን በአር.ፒ. ሲ203 እንደገና ይሰላል። አንዱን ሲያክሙ ሌላውን ማየት ግድ ነው።

ይኸው የታሸገ ክፍል ሰውንም ይገድላል። የቆመው የባሕር ውሃ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ያመነጫል፤ ከመድረኩ በታች ኦክስጅን ያልቃል። ያለ ጋዝ መለኪያ ክዳኑ አይከፈትም፤ ኦክስጅን ከ19.5 በመቶ በታች ከሆነ ማንም አይገባም፤ የሃይድሮጅን ሰልፋይድ ገደብ በአውሮፓ ሕግ ለስምንት ሰዓት ሥራ 5፣ ለአጭር ጊዜ 10 ከሚሊዮን ነው። ሽታውን አምኖ መግባት አይቻልም፤ መጠኑ ከፍ ሲል አፍንጫ ማሽተቱን ያቆማል። የወደቀ ጓደኛን ለማውጣት ያለ መተንፈሻ መግባት ሁለተኛ ሟች ያደርጋል።

ከጀልባ ወደ መሰላል መሸጋገር ሌላው ነው። የሠራተኛ ጀልባው አፍንጫውን በመሰላሉ ግራና ቀኝ ባሉት ቱቦዎች ላይ አስደግፎ በሞተር ይገፋል፤ የሚይዘው የጎማው ሰበቃ ነው። የተለመደው ገደብ የሞገድ ከፍታ 1.5 ሜትር ገደማ ነው፤ እንቅስቃሴን የሚያካክስ ድልድይ ያለው መርከብ ግን እስከ 2.5 ሜትርና ከዚያ በላይ ይሠራል። አደጋው ጀልባው ድንገት ሲንሸራተትና እግር በቱቦውና በጀልባው መካከል ሲቀር ነው። ስለዚህ ከመውደቅ የሚከላከለው ገመድ እርምጃ ሳይጀመር ይያያዛል፣ እርምጃው ሞገዱ ጫፍ ላይ ሲሆን ይወሰዳል፣ ካፒቴኑ «ሂድ» ካላለ ማንም አይንቀሳቀስም። ለዚህ የሚጠየቀው የጂ.ደብሊው.ኦ. (የዓለም አቀፉ የነፋስ ኃይል ድርጅት) መሠረታዊ ሥልጠና አምስት ክፍል አለው፦ የመጀመሪያ እርዳታ፣ ሸክም አያያዝ፣ እሳት፣ የከፍታ ሥራ፣ የባሕር ላይ መትረፍ፤ ምስክር ወረቀቱ 24 ወር ይሠራል። ንድፍ ላይ ያለ ሰው እነዚህ የእኔ ጉዳይ አይደሉም ሊል ይችላል፤ መሰላሉን ከዋናው ሞገድ አቅጣጫ ማዞር፣ መድረኩን ከ50 ዓመቱ የሞገድ ጫፍ በላይ የሞገዱን ከፍታ 20 በመቶ፣ ቢያንስ 1 ሜትር ማስቀመጥ ግን የንድፍ ሥራ ነው። በዴንማርኩ ሆርንስ ሬቭ 1 የመግቢያ መድረኮቹ የተጎዱት በቱቦው ግድግዳ ሽቅብ በወጣ ሞገድ ነበር።

ስለ ኬብል አጭር ልበል። የመድን ካሳ ትልቁ ድርሻ ወደዚህ ይሄዳል። በ2021 የዴንማርኩ የኃይል ኩባንያ ኦርስቴድ እስከ 10 በሚደርሱ እርሻዎቹ ላይ የኬብል መከላከያ ቱቦው በሞኖፓይሉ ዙሪያ በተደፋው ድንጋይ ላይ እየተፋተገ ኬብሉን እንደሚጎዳ አሳወቀ፤ ግምቱ 3 ቢሊዮን የዴንማርክ ክሮነር ገደማ ነበር። ድንጋዩ የተደፋው ወለሉ እንዳይሸረሸር ነው፤ ኬብሉ በላዩ እንዳይንቀሳቀስ የሚይዘው ሁለተኛ የድንጋይ ንብርብር ግን አልነበረም። ሁለቱም ለየብቻው ትክክል ነበሩ፤ መገናኛቸውን የያዘ ሰው አልነበረም። የክንፉም ነገር እንዲሁ ነው፤ በሐምሌ 2024 ማሳቹሴትስ ፊት ባለው ቪንያርድ ዊንድ የተሰበረው 107 ሜትር ክንፍ ንድፉ ስላልተረጋገጠ አልተሰበረም፤ በፋብሪካ ማጣበቂያው በበቂ አልያዘም፣ የጥራት ፍተሻውም አሳለፈው። የዓይነት ምስክር ወረቀት ለአንድ ንድፍ ይሰጣል፤ እያንዳንዱን ክንፍ አያውቅም።

ተንሳፋፊዎቹን ለጊዜው ይተዋቸው። የየብስ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ተንሳፋፊ ላይ እንዳለ ሲጫን፣ ነፋሱ ሲጨምር ክንፉን የሚያዞርበት ፍጥነት ከመድረኩ ዝግታ ጋር ይጋጫል፣ መወዛወዙንም ከማርገብ ይልቅ ያበረታዋል፤ ይህ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

ለመመረቂያ ሥራዎ እንዲህ ያድርጉ፦ ያንን የ15 ሜጋዋት ተርባይን ኦፕንፋስት በተባለው ነፃ ፕሮግራም ይሥሩት። ሞኖፓይሉ ያለ ድንጋይ ጥበቃ ከተተወ ጅረቱ በዙሪያው እስከ 1.3 እጥፍ ስፋቱ ሊቆፍር ይችላል፤ ለ10 ሜትር ቱቦ 13 ሜትር ማለት ነው። ድግግሞሹን ሳይቆፈር፣ 5 ሜትር ተቆፍሮ፣ 13 ሜትር ተቆፍሮ ያስሉ፤ አፈሩንም አንዴ በአሮጌው ኩርባ አንዴ በፒሳ መንገድ። ከዚያ ለእያንዳንዱ 6.4ን በ90 እና በ97 በመቶ ዝግጁነት ያሂዱ። ከባሕር ወለል በታች ባለው ከፍተኛው የማጠፍ ጉልበት ቦታ ያለውን የዙሪያ ብየዳ ድካም ይከታተሉ፤ ያ ቦታ ወለሉ በተቆፈረ ቁጥር አብሮ ወደ ታች ስለሚወርድ ከላይና ከታች ያሉትን ብየዳዎች ሁሉ ይያዙ እንጂ አንዱን ብቻ መርጠው አይቀመጡ።